ሳይጠበስ የቀረበው ዓሣ

ሉቺዮ ጥሬውን ዓሣ በሳህን አምጥቶ አኒዬሎ ፊት አስቀመጠው። በዚያ ወደብ ዓሣ ከመጠበሱ በፊት ለበላተኛው ይታያል፤ የዚያን ቀን ግን ምግብ ቤቱን የሞላው ሰው ሹካውን አስቀምጦ የሚያየው ዓሣውን ሳይሆን ሽማግሌውን ነበር። ኮንሲሊያን ለማግባት የሚፈልገው ወጣቱ ሉቺዮ፣ አርባ ዓመት መረብ የጣለውን አባቷን አኒዬሎን በገዛ ምግብ ቤቱ ሲጋብዝ፣ ነገሩ ከምሳ በላይ መሆኑ ለማንም አልጠፋም።

“አኒዬሎ፣ ዓሣው አፍጥጦብሃል እኮ! ፈራኸው እንዴ?” አለ በጎረቤት ጠረጴዛ የተቀመጠ የጀልባ ባልንጀራው።

አኒዬሎ የዓሣውን ጅራት በአውራ ጣቱ ዳበሰ። ጠርዙ ተፋፍቋል፤ በመረብ አጥር ውስጥ እየተፋተገ ሲቀለብ የኖረ ዓሣ ነው። ለነገሩ ባሕሩ ሦስት ቀን ሙሉ ተቆጥቶ አንድም ጀልባ አልወጣም። ፊት ለፊቱ የተቀመጠችው ኮንሲሊያ፣ ሉቺዮን እንዳያሳፍረው ብላ፣ ከጠረጴዛው ሥር የአባቷን እግር ረገጥ አደረገች።

“ማን አጠመደው?” አለ አኒዬሎ።

ሉቺዮ ፊቱ ቀላ። “ማንም አላጠመደው፣ ጋሼ። የእርባታ ነው። ለእርስዎ የሚሆን ፈልጌ አጣሁ፤ ባዶ ሳህን ከማቀርብ ብዬ ነው።”

ከኋላ አንዱ ሳቀ። አኒዬሎ ዞር ብሎ ሲያየው ሳቁን ዋጠ። ከዚያ ሽማግሌው አጠገቡ ያለውን ባዶ ወንበር ቀስ አድርጎ ሳበ።

“በል ጥበሰውና ሽርጥህን ፈትተህ ና፣ እዚህ ተቀመጥ ልጄ” አለው። “እሾሁን እኔ አወጣልሃለሁ።”