የስምንት ሰዓቱ ክኒን

ስልኩ ከውስጠኛው ክፍል ይጮሃል። ጦይባ ሱቁ ውስጥ የጨርቅ ጥቅል እየደረደረች ጆሮዋን ጣል አደረገች። ሌላ ቀን ሁለት ሦስቴ ጮኾ ዝም ይላል፤ ባሏ ኡዘይር ያጠፋውና የስምንት ሰዓት ክኒኑን ይውጣል። ዛሬ ግን ዝም አላለም።

መጋረጃውን ገልጣ ገባች። ኡዘይር መስገጃው ላይ እንደተንበረከከ ነው። የቀትር ሶላቱን፣ ዙህርን፣ ሰግዶ ከጨረሰ ሰዓት አልፎታል። ስልኩ ከጉልበቱ አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም፤ እጁን ሊዘረጋለት ግን አልቻለም። ሰውነቱ ባለበት ቀርቷል።

«ምነው አልጠራኸኝ?» አለች ስልኩን እያጠፋች።

«ጠርቼሽ ነበር።» ድምፁ ከከንፈሩ ብዙም አልራቀም። «ገበያተኛ ይዘሻል መሰለኝ።»

በብብቱ ይዛ ወደ ኋላ ሳበችውና ጀርባውን ከአልጋው ጋር አስደገፈችው። እግሮቹንም አንድ በአንድ ዘረጋችለት።

የበሽታው ስም ፓርኪንሰን እንደሚባል ሐኪሙ የነገራቸው ባለፈው ጥቅምት ነው። ጦይባ ስሙ አልያዝላት ቢል ሰዓቱን ግን አንድ ቀን አልሳተችም፤ ጠዋት አሥራ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት፣ ማታ አንድ። ሐኪሙ «ሰዓቱ ራሱ መድኃኒት ነው፤ ካለፈ ሰውነቱ እምቢ ይለዋል» ብሏታል። የልጅ ልጃቸው ፈህሚያ አራቱንም ሰዓት ስልኩ ላይ ሞልታላታለች። ረመዳን ሲገባ ኡዘይር «አንቺ እየጾምሽ ውሃ ይዘሽልኝ አትመላለሺ። የቀን የቀኑን እኔው እወስዳለሁ» አላት። ከዚያ ወዲህ የጠዋቱን ክኒን ሳይነጋ በሱሑር ምግብ ላይ ታውጠዋለች፤ ለቀኑ ደግሞ ሁለት ክኒን በስኒ ታስቀምጥለታለች። ማታ ስኒው ባዶ ይሆናል።

አሁን ስኒውን አየችው። ባዶ ነው።

«የስምንት ሰዓቱስ የታል?»

ዓይኑ ብቻ ወደ ኮቱ ዝቅ አለ። አራዳ ላይ አርባ ዓመት ልብስ ሰፍቶ የኖረ ሰው ነው፤ ይህንንም ኮት የሰፋው ራሱ ነው። ጦይባ እጇን ወደ ውስጥ ኪሱ ሰደደች። የተጠቀለለ ወረቀት አገኘች። ፈትታ መስገጃው ላይ ዘረገፈችውና በጣቷ እየገፋች ቆጠረች። አሥራ ስምንት ክኒን። ጾሙ ከገባ ዘጠኝ ቀኑ ነው።

ልትቆጣው ቀና ብላ ፊቱን አየችው። በሽታው ገጽታውን አደንዝዞበት አዝኖ ይሁን አፍሮ ከፊቱ አይነበብም፤ የሚነበበው ከዓይኑ ነው። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ሸሁ ነግረውህ የለም? ለታመመ ሰው ተፈቅዷል። ለየቀኑ አንድ ሚስኪን እናበላለን።»

«ነግረውኛል።»

«ታዲያ?»

ቃሉ እስኪወጣለት ጠበቀችው። መጠበቅ ለምዳለች።

«ከተጋባን አርባ ስድስት ረመዳን አሳልፈናል» አለ በመጨረሻ። «አንቺ እየጾምሽ ውሃ ጠጥቼ አላውቅም። አሁን አንቺ ከንፈርሽ ደርቆ ሱቅ ስትውይ፣ እኔ እዚህ መጋረጃ ጀርባ ብርጭቆ ላነሣ ነው? ብቻሽን ላስጾምሽ?»

ጦይባ ወጥታ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ይዛ ተመለሰች። አንዱን በሱ፣ አንዱን በራሷ በኩል አስቀምጣ አጠገቡ ቁጭ አለች።

«ሁለተኛው ለማነው?»

«ለኔ።»

«ጦይባ።»

«አንተ እኔን ብቻዬን ላለማስጾም ነው እንዲህ የምትሆነው። እኔም አንተን ብቻህን አላጠጣህም። የዛሬን ከዒድ በኋላ እጾመዋለሁ፤ እኔ ጤነኛ ነኝ።»

ብርጭቆዋን አነሣች። ኡዘይር ያውቃታል፤ ያለችውን ሳታደርግ የቀረችበት ቀን የለም። ብርጭቆው አገጯ ዘንድ ሲደርስ የሱ እጅ ከጭኑ ላይ ተነሣ፤ እየተንቀጠቀጠ ትንሽ ሄዶ መንገድ ላይ ቀረ።

«አታድርጊው» አለ። «ስጪኝ፣ እውጣለሁ።»

«ነገስ?»

«ነገም።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ።»

ብርጭቆዋን ሳትጎነጭ አስቀመጠች። አንድ ክኒን ምላሱ ላይ አኖረችለት፤ አገጩን ደግፋ ውሃውን በቀስታ አጠጣችው። ጺሙ ላይ የወረደውን በሻሿ ጫፍ አደረቀችለት። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ጠጣ። እሷ ፊቷን አላዞረችም።

ከሱቁ በኩል አንዲት ሴት ተጣራች። «ቆየት ብለሽ ነይ እናቴ፤ ሰው ይዣለሁ» አለቻት ከተቀመጠችበት። የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድብ ጀመር። ሁለቱም አልጋውን ተደግፈው ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ስልኩን ባልሰማስ ምን ልታደርግ ነበር?»

«የዐስር ሶላት እስኪደርስ ልቀመጥ ብዬ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መግሪብ ይደርሳል፤ ጾሙም ይፈታል።»

ሳታስበው ሳቀች። እሱም ሊስቅ ሲል ትከሻው ብቻ ተነቃነቀ።

ዝናቡ አባርቶ ጠፈጠፉ ብቻ ሲቀር የእግሩ ጣት ተንቀሳቀሰ። ቀጥሎ ጉልበቱን ሰበሰበ። ድምፁም ከፈት አለ። «አሁን መጣ» አላት፤ ከሩቅ የሚጠብቁት ዘመድ የደረሰ ይመስል። የአልጋውን እግር ይዞ፣ ሁለቴ ሞክሮ፣ በሦስተኛው ቆመ።

ጦይባም ልትነሣ ስትል እግሮቿ አልታዘዝ አሏት። አንድ ሰዓት ሙሉ እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣ ደንዝዘውባታል። አልጋውን ለመያዝ ዞር ስትል ኡዘይር ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋላት።

ያዘችው። ቀስ ብላ ተነሣች፤ ከቆመችም በኋላ አልለቀቀችውም።