ጥሩ ቀን

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ፣ ከማሾ ቂጣው ሳህን አጠገብ ሆኖ ይናገራል። ሙራሊ ድምፁን ከፍ አድርጎ የተወው ጣቶቹ በቂጣው ስለተነካኩ ነው። ደግሞም ፊት ለፊቱ የተቀመጡት የሚስቱ አባት፣ ናራሲምሃም፣ እንግሊዝኛ አያውቁም።

"የድሮ አሠሪዎችህ ያስገቡልህን የግሪን ካርድ ማመልከቻ ሰርዘውታል" አለች ጠበቃዋ። "በጁላይ። ማመልከቻህ ከጸደቀ ስድስት ወር ሊሞላው ሁለት ሳምንት ሲቀረው።"

"ስድስት ወሩ ሞልቶ ቢሆን ኖሮስ?"

"ቢሰርዙትም አይነካህም ነበር። ነግሬህ ነበር እኮ ሙራሊ! የጁላይ መጨረሻ ይድረስና ከሥራው ትወጣለህ ብዬህ ነበር።"

ነግራዋለች። ግን የድሮ አለቃው እንዲህ ይጨክናል ብሎ ማን አሰበ? ይህን ቤት ሲያስመርቁ መጥቶ፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ምግብ በሙዝ ቅጠል ቀርቦለት በእጁ በልቶ የሄደ ሰው ነው። ሰውን ማመን ቀብሮ ነው።

"አዲሱ ኩባንያ ሌላ ያስገባልኛላ።"

"ያስገባል፤ ግን ከዓመት በላይ ይፈጃል። የአንተ ቪዛ ደግሞ ስድስት ዓመቱን ጨርሶ በሴፕቴምበር ያበቃል። ከዚያ በላይ የሚያቆይህ ያ የተሰረዘው ወረቀት ነበር። አንድ ደህና ነገር አለ። የግሪን ካርድ ወረፋህ አይጠፋም። ተራህ ያንተው ነው።"

"የት ቆሜ ነው ተራዬን የምጠብቀው?"

"አገርህ" አለች።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሙራሊ ጥቁሩን የስልክ መስታወት ወደ ታች ደፋው። እዚህ ፍሪስኮ ከተማ ውስጥ ሁለት ቴሉጉ ተናጋሪ የአገሩ ሰዎች ሲገናኙ ከሰላምታ ቀጥሎ "ቀንህ መቼ ነው?" ይባባላሉ፤ ለግሪን ካርድ ወረፋ የያዙበትን ቀን መጠየቃቸው ነው። ናራሲምሃም ከአገር ቤት ከጉንቱር የመጡ ሰሞን ይህን ሰምተው፣ ሰዉ ሁሉ የተወለደበትን ኮከብ የሚጠያየቅ መስሏቸው ደስታቸውን አልቻሉትም። "ቀን የሚያውቅ ሕዝብ!" ብለው ነበር።

"ሴትዮዋ ምን አለችዎ?" አሉት አሁን። የልጅ ባልን አንቱ ማለት ወጋቸው ነው፤ አሥር ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አንተ ብለውት አያውቁም።

"ስለ ሥራው ነው አባባ።"

"ደህና ነው አይደል? አላልኩዎትም! በአሻዳም ጀምረውት ቢሆን ይሄኔ ጉድ ፈልቶ ነበር።"

አሻዳም በአገራቸው አቆጣጠር ክፉ ወር ነው። ሙሽራ አይገባበትም፣ ቤት አይመሠረትበትም፣ ሥራ አይጀመርበትም። አዲሱ ኩባንያ "ከፈለግህ በጁን፣ ከፈለግህ በጁላይ መጨረሻ ጀምር" ሲለው የጁላዩ ቀን አሻዳም ላይ ወደቀ። እኚሁ ሽማግሌ ሳይበሉ ሳይጠጡ ለመኑት፣ ሚስቱ ሱጉናም "የአባቴን ቃል አትግፋብኝ" አለችው። እሱም ለሽማግሌ ደስታ ብሎ በጁን ወጣ። አሁን ሁሉንም ጠላቸው፤ ወዲያው ደግሞ መጥላቱ አሳፈረው።

"ጁላይ፣ ጁላይ ስትል ሰማኋት" አሉ ናራሲምሃም ቂጣቸውን እየቆረሱ። "በጁላይ ምን ሆነ?"

መዋሸት ይችል ነበር። ደከመው።

"የድሮዎቹ ወረቀቴን ሰረዙት። ሴፕቴምበር ሲያልቅ ከዚህ አገር እንወጣለን።"

"ለጉብኝት?"

"ለሁልጊዜው፣ አባባ።"

"ቤቱስ? የልጅ ልጄ ትምህርትስ?"

ሽማግሌው እጃቸው ሳህኑ ላይ እንዳለ ቀረ።

"በጁላይ እዚያው ቢሆኑ ኖሮ... ከድሮዎቹ ጋር... ሊሰርዙብዎት ይችሉ ነበር?"

ሙራሊ ከቂጣው ቆረሰ። አልጎረሰውም። ማቀርቀሩን አይተው ናራሲምሃም ሌላ አልጠየቁም። ተነሥተው እጃቸውን ታጠቡ፤ ከአምላኮቹ ሥዕል ሥር ክፉና ደግ ቀን የሚለዩባትን መጽሐፍ አንሥተው መጡ። ለደስታም ለመከራም ከእሷ ሌላ መሄጃ የላቸውም።

"የመጨረሻው ቀን መቼ ነው?"

ነገራቸው። ገጹን ገልጠው ጣታቸውን በመስመሮቹ ላይ ቁልቁል ነዱት፤ ከዚያ ጣቱ ቆመ። ሙራሊ ከማዶ ሆኖ መጽሐፉን በግልባጩ አነበበው። ማንበብም አላስፈለገውም። የሙታን ሳምንታት ናቸው፤ በየዓመቱ በእነዚያ ቀናት ለሟች አባቱ የሩዝ ድብልብል ያቀርባል። ከአሻዳም የባሱ ናቸው። ሰው ያኔ ጉዞ አይጀምርም፣ ዕቃ ከቤት አያወጣም።

ናራሲምሃም ቀና ብለው አዩት። ለጎረቤትም፣ ለዘመድም፣ ለገዛ ልጃቸው ሠርግም ስለ ቀን ዋሽተው የማያውቁ ሰው ናቸው። መጽሐፉን ቀስ ብለው ዘጉና መዳፋቸውን በላዩ ጫኑበት።

"ጥሩ ቀን ነው" አሉት። "አይዞህ።"