ከሻወሩ ፊት ለፊት

ንጉሡ የካምፑ ካርታ የተከፈተበትን ስልኩን ለእናቱ ለእማማ ካሰች አቀበለና፣ «እማዬ፣ ደላዌር ባሕር ዳርቻ ስንሄድ የምናድርበትን መኪና፣ አርቪውን፣ የት እናቁመው? ይኼኛው ቦታ አሸዋው ላይ ነው፤ መኪናው ውስጥ ተኝተሽ ባሕሩን ታዪዋለሽ» አላቸው። እሳቸው ግን ጣታቸውን ካርታው ላይ ወዲያ ወዲህ ሲያዞሩ ቆይተው የጋራ ሻወሩ በር ላይ ተከሉት።

«እዚህ አቁሙኝ።»

«ኖ ዌይ!» አለች የልጅ ልጃቸው ሰሊና። «ሰው ሁሉ በፎጣ እኮ ነው የሚያልፈው!»

«እሰይ! ማን ከማን እንደተኳረፈ በማግስቱ እነግርሻለሁ።»

«በየትኛው እንግሊዝኛሽ?» ሳቀ ንጉሡ።

«ኩርፊያ ደግሞ አስተርጓሚ ይፈልጋል?»

ሁሉም ሳቁ፤ የእማማ ካሰች ጣት ግን አልተነሳም። «ባሕሩስ ቆንጆ ነው፣ ልጄ። እዚህ በር ላይ ግን የሚያልፈው ፈረንጅ ሁሉ ‹ጉድ ሞርኒንግ› ይለኛል። እናንተ ጠዋት እንዳልነቃ ብላችሁ ጫማችሁን በእጃችሁ ይዛችሁ ትወጣላችሁ። እኔ ነቅቼ፣ ዛሬስ በሬን ይከፍቱት ይሆን እያልኩ እጠብቃለሁ።»

ንጉሡ ስልኩን ተቀብሎ ያንኑ ቦታ ቡክ አድርጎ ያዘ። ሰሊና ተነስታ ጉልበታቸውን ሳመች።

«እንዴት አደሩ፣ እማማ?»

ውጪው እየመሸ ነበር።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ እማማ ካሰች፤ «አንቺስ እንዴት አደርሽ?»