የታወቀ ኪሎ

ሚዛን ጠጋኝ ነኝ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ አፌ ግን ዶክተር ነው። በኛ ሙያ አንድ ሕግ አለ፦ የተጠረጠረ ሚዛን ላይ የታወቀ ኪሎ ሳታስቀምጥ አትፍረድ።

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ ሹፌሩ፣ እኛ ቤት ተኝቶ አምስት ሳምንት ሙሉ አተኮሰው። ወባ ቢመረመር የለም፤ የታይፎይድ መድኃኒት ቢውጥ ወይ ፍንክች። ጤና ጣቢያ ነርስ የሆነችው እህቴ የትኩሳት መለኪያ ሰጥታው፣ ጠዋት ማታ ሠላሳ ስምንት ከግማሽ ሲያይ ከረመ። በመጨረሻ ቁርጡን ነገረችው። ትኩሳት ወር አልፎ ምክንያቱ ሲጠፋ ኤች አይ ቪም ይመረመራል፣ ቢገኝም መድኃኒት አለው፣ ቶሎ ከጀመርከው እንደ ሰው ትኖራለህ አለችው። ለሐሙስ ቀጠረችው።

ሐሙስ ጠዋት መለኪያውን ይዞ ሱቄ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ጋሼ፣ ምናልባት የሚዋሸው መለኪያው ቢሆንስ?"

ይሄን ለኔ ማለት ለዝንብ ማር ማሳየት ነው። ሱቄ ቆርቆሮ ስለሆነች ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። ተነሳሁና ሱሪዬን ሳብ አደረግሁ። ሰሞኑን ቀበቶዬን በጋለ ሚስማር ሁለት አዲስ ቀዳዳ በስቼዋለሁ፤ ቦርጬን ድል ነሳሁት እያልኩ ሰፈሩን አሰልችቻለሁ።

"የታወቀ ኪሎ ያስፈልገናል" አልኩት። "ጤነኛ ሰው። ይኸው እኔ አለሁልህ።"

ሜርኩሪውን አራግፌ ብብቴ ሥር ሸጎጥኩት። አምስት ደቂቃ ቆየን። ሠላሳ ስምንት ከሰባት። ጭራሽ ከበሽተኛው በለጥኩ።

ሳቅን። እሱማ እንባው እየወረደ ነው የሳቀው። በል ወደ መኪናህ፣ ምርመራ የሚባል ነገር የለም ብዬ ፈረድኩ። ግን አፌ መች ያርፋል? እህቴን ሳላሳፍር ምሳ አልበላም አልኩ፤ ምሳ እንደሆነ ሰሞኑን አላሰኘኝም። እጁን ይዤ ጤና ጣቢያ ገባሁ። እሱን ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ ይሄን ቆሻሻ ከየት ነው ያመጣሽው፣ ጤነኛውን ሁሉ የሚያተኩስ ብዬ በሰው ፊት ለቀቅኩባት።

መለኪያውን በአልኮል ጠረገች፣ አራገፈች፣ የራሷ ብብት ሥር አስገባች። ሰዓቷን እያየች ጠበቀች። አወጣችው።

ሠላሳ ስድስት ከግማሽ።

ከሹፌሩ አጠገብ ሌላ ወንበር ሳበችልኝ።