ሁለት በሬና አንድ ውሻ

ዳልቻ ከአይሱዙው ላይ ወርዶ እግሩ መሬት እንደነካ ያጓራል። ከሞጣ እስከ ቢቸና ቆሞ የመጣ በሬ ይደክመዋል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ገመዱን ከእጄ መንጭቆ ሊያገባኝ በታሰበው ሰው፣ በፋንታ በር ዘው ይላል። ከግቢው ውስጥ ሌላ በሬ ይመልስለታል።

"እትዬ ይርጋነሽ፣ እኔ ሞተሩን አላጠፋም" ይለኛል ሾፌሩ ስጦታው በመስኮት ብቅ ብሎ። ካጠፋው ሰው ሳይገፋው አይነሳለትም። ሳጥኔና የመኝታ ልብሴ ገና መኪናው ላይ ነው። እንዳታወርደው ያልኩት እኔው ነኝ። ለሽማግሌዎቹ ቁርጡን ነግሬያቸዋለሁ፤ በሬዬ ከፋንታ በሬ ጋር ከተስማማ ገብቼ ሚስት እሆናለሁ፣ በሬዬን ከወጋብኝ በመጣሁበት መኪና እመለሳለሁ።

ሰው ይስቅብኛል፣ ይሳቅ። ነጠላ በሬ ይዞ የሰው ደጅ መጥናት ምን እንደሆነ የማያውቅ ነው የሚስቀው። ባሌ ከሞተ ወዲህ ሦስት ክረምት፣ ለዳልቻ የሚቀናጅ በሬ ለምኜ እስካገኝ ድረስ የሰው ሁሉ ጤፍ በቅሎ የኔ መሬት ገና አይታረስም ነበር። ፋንታም ለሚስቱ ተዝካር አንዱን በሬ አርዶ በወይኖ ብቻ ቀርቷል። ሽማግሌዎቹ የሚያጋቡት እኛን ይሁን በሬዎቹን እስካሁን በደንብ አልገባኝም።

ተከትዬ ስገባ ዳልቻና ወይኖ ተያይዘዋል። ቀንድ ለቀንድ ገጥመው ይገፋፋሉ፣ አቧራው እስከ ቤቱ ክዳን ይነሳል። ከዳልቻ ጋር ከመኪናው የወረዱት ሁለቱ ፍየሎቼ አጋጣሚውን አይተው የፋንታ ጎመን ውስጥ ገብተዋል። የግቢው አውራ ዶሮ ይዣት የመጣሁትን ዶሮዬን ያሯሩጣታል። ፋንታ አዲስ ጋቢውን አገልድሞ፣ በትር ይዞ በሬዎቹን ይዞራቸዋል እንጂ አይጠጋም። እኔም አልጠጋም፣ ሞኝ አይደለሁም።

ውሻው ደግሞ ደጃፉ ላይ ተኝቷል። ቡላ የሚሉት ነው። ሽማግሌዎቹ ስለ ፋንታ ከነገሩኝ ስለ ውሻው የነገሩኝ ይበልጣል። ከብቱን ሁሉ የሚገላግል እሱ ነው ብለውኛል፤ የቤቱ የሆነውን ደግሞ ያለ ፋንታ ፈቃድ ከበር አያሳልፍም ብለውኛል።

"ገላጋይ ያሉት ይሄንን ነው?" እለዋለሁ ፋንታን።

"ትንሽ ይታገሡት" ይለኛል። "አይቶ ነው የሚነሳ።"

እሱ አይቶ እስኪነሳ የበሬዬ ዓይን ሊፈስ ነው እላለሁ። ከውጭ የሞተሩ ድምፅ ይሰማኛል፣ ልቤ ከሞተሩ ብሶ ይመታል።

በመጨረሻ ቡላ ይነሳል። ጭራሽ ይንጠራራል፣ ያበግነኛል። መጀመሪያ የሚሄደው ወደ አውራ ዶሮው ነው፤ መንገድ ሲዘጋበት አውራው በርሮ አጥሩ ላይ ይወጣል። ከዚያ ጓሮ ይገባል። ፍየሎቼ እኔን ሰምተውኝ አያውቁም። እሱ ግን አንዴም ሳይጮህ በግራ ሊያመልጡ ሲሉ በግራ፣ በቀኝ ሲሉ በቀኝ እየቀደመ ከጎመኑ መልሶ ግቢው መሃል ያቆማቸዋል። አንዷ አሁንም ቅጠል ታኝካለች።

አሁን ወደ በሬዎቹ ይዞራል። እኔ ድንጋይ አንስቻለሁ። የማን ውሻ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የቤቱን በሬ ትቶ የመጤዋን ነው የሚነክሰው፣ ሰውም ቢሆን እንደዚያው ነው የሚያደርገው። ዳልቻን ከነካው እወረውርበትና ቀጥታ ወደ መኪናዬ።

ቡላ ዳልቻን አጠገቡ ደርሶ ያልፈዋል። ከወይኖ ኋላ ይዞርና የገዛ ቤቱን በሬ ከሰኮናው ከፍ ብሎ ቆንጠጥ ያደርገዋል። ወይኖ ደንግጦ ይራገጣል፣ ቀንዶቹ ይላቀቃሉ። ዳልቻ አሸነፍኩ ብሎ ሊከተል ሲል ውሻው ፊቱ ተገትሯል። አንድ ጊዜ ብቻ ይጮህበታል። ማንንም ፈርቶ የማያውቀው በሬዬ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

"መጀመሪያ የራሱን ነው የሚቀጣ" ይላል ፋንታ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ለካ እሱም እንደኔ ፈርቶ ነበር።

ወይኖ ወደ ገለባው ይሄዳል። ዳልቻ ትንሽ ያንገራግርና ይከተለዋል። ቡላ መሃላቸው ይተኛል፣ እነሱም ግራና ቀኝ ሆነው ይበላሉ። ከወይኖ ችካል አጠገብ አዲስ ችካል መተከሉን የማየው ያኔ ነው። ልጡ እንኳ ገና አልደረቀም። ፋንታ እሺ ማለቴን ሳያውቅ ለዳልቻ ማሰሪያ ተክሏል። ድንጋዩን እጥለዋለሁ።

ስጦታው ክላክሱን ይነፋል። ልሂድ ወይስ ልጠብቅ ብሎ ይጣራል።

ሳጥኔን ላወርድ ወደ በሩ እሮጣለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ቀሚሴን ሰብስቤ እሮጣለሁ። በሩ ጋ ሳልደርስ እርጥብ ነገር ባቴን ይነካኛል። ቡላ ነው፤ ከገለባው መቼ እንደተነሳ አላየሁም። በግራ ላልፍ ስል በግራ አለ። በቀኝ ስል በቀኝ አለ። አይጮህም፣ አይነክስም፤ እየቀደመ ወደ ግቢው መሃል ይመልሰኛል።

ፋንታ ሊከለክለው አፉን ይከፍትና ይተወዋል። ፈገግታውን በጋቢው ጫፍ ሊሸፍን ይሞክራል፣ አልተሸፈነለትም።

"ስጦታው፣ ሳጥኑን በአጥሩ ላይ አቀብለን" እላለሁ። "እኔ እንደሆነ ከእንግዲህ የምወጣ አይመስለኝም።"

ከአጥሩ ማዶ ሞተሩ ይጠፋል።