ከኡባንግ ጋር ማን ይቅዘፍ?

አኬሎ የወንድሟን የኡባንግን መቅዘፊያ ከጀርባዋ ደብቃ የጎጆውን ደጃፍ ዘግታ ቆመች። አዲስ የተቋቋመው ክልል የመደባት ነርስ የሚጥል በሽታ ኪኒን ስታስጀምረው ጎረቤቶቹን ሰብስባ፣ «ከእሳትና ከውሃ ጠብቁት» ብላ ነበር። ጠበቁት። ከዚያ ወዲህ ዓሣ አጥማጁ ኡባንግ ባሮ ወንዝን የሚያየው በሰው ትከሻ ላይ አሻግሮ ነበር።

«ሲስተር፣ ንገሪያት! ዓመቱን ሙሉ አልወደቅሁም። ፍየል እንኳ እንደኔ አይጠበቅም» አለ፣ ዛሬም ኪኒን ይዛለት ወደ መጣችው ነርስ ዞሮ።

«ሰው አብሮት ካለ ዳር ዳሩን መቅዘፍ ይችላል» አለች ነርሷ።

«የትኛው ሰው?» አለች አኬሎ። «ጓደኞቹ እንደሆነ ፈርተውታል። ደግሞ አይወድቅም ብለሽ ትምይልኛለሽ?»

ኡባንግ እዚሁ ማርጀቴ ነው ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ።

አኬሎ ግን መቅዘፊያውን ይዛ ወደ ወንዙ ወረደች። ከልጅነቷ ጀምሮ ውሃ ብትፈራም ታንኳው ውስጥ ገብታ ዓይኗን ጨፈነች።

«ቶሎ ና፣ ሐሳቤን ሳልቀይር!»

ኡባንግ ሮጦ ከፊቷ ተቀመጠና ታንኳውን በመቅዘፊያው ከዳር ገፋው። ጥቂት እንደቀዘፈ ሸሚዙን ከኋላ ጨምድዳ ያዘችው፤ ኮሌታው አንገቱን አነቀው። ኡባንግ ግን «ልቀቂኝ» አላላትም።