ሙቀት ለሚበዛበት አገር

ለአንድ ጫማ ሦስት ገበያ የሚዞረው ደመላሽ ለሚስቱ የአውሮፕላን ትኬት ገዝቶ መጣ። «ሲሼልስ ሄደሽ ንጋቱን ጠይቂው» አላት። ንጋቱ በዚያ የደሴት አገር ሆቴል ውስጥ ምግብ የሚሠራ ታናሽ ወንድሟ ነው።

«እሺ፣ ልደውልና ልንገረው።»

«ተይ! ድንገት ስትደርሺበት ነው ደስ የሚለው።»

ትርንጎ ነገሩ አልጣማትም። ጥድፊያው ሁሉ ቤቱን ለሌላ ሴት ለማስለቀቅ መሰላት። ምክሩ ደግሞ ማለቂያ የለውም። «ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ኮፍያ ያዢ። ትንኝ አለ፣ ቅባት አትርሺ። ኮኮናት ዛፍ ሥር እንዳትቀመጪ። ጥቁር ልብስ ሙቀት ይስባል፣ ነጣ ነጣ ያለውን ልበሺ።» ሻንጣዋን እንኳ ራሱ አሰናድቶ ቆለፈው። ቁልፉን የሰጠው ግን አብረዋት እንዲሄዱ ለለመናቸው ለአክስቷ ነበር።

«እትዬ ፋናዬ፣ ጠባቂዬ ነዎት እንዴ?» አለቻቸው አውሮፕላኑ ውስጥ።

«ምነው ልጄ፣ እኔስ ባሕር ባይ ምን አለበት?» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ከአውሮፕላኑ እንደወረዱ ፈታሹ ሻንጣዋን ማየት ፈለገ። እትዬ ፋናዬ ቁልፉን ለማውጣት ብዙ ዘገዩ። ኮፍያው፣ ቅባቱ፣ ነጫጭ ቀሚሶቹ አንድ በአንድ ወጡ። ከሁሉም ሥር፣ በላስቲክ የተጠቀለለ፣ በትርንጎ ልክ የተሰፋ ጥቁር ቀሚስና ጥቁር ሻሽ ነበር።

«እትዬ፣ ይሄ የማነው?»

እትዬ ፋናዬ እንዳትወድቅ ወገቧን ግጥም አድርገው ያዟት።